ቆንጆ ቦታ ሁሉ ጥሩ ባክግራውንድ አይሆንም

አንድ ጊዜ ለፎቶ የሚሆን ቦታ ፍለጋ ሦስት ቀን ዞርኩ። በመጨረሻ አበባ የሞላበት ግቢ አገኘሁ። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ሐምራዊ አለ፤ መሃል ላይ ደግሞ ሐረግ የተጠመጠመበት የእንጨት ቅስት። በቃ ይሄ ነው አልኩ። ሞዴሏ መጣች፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ስናነሳ ቆይተን 380 የሚሆን ፎቶ ይዘን ተመለስን። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ማየት ስጀምር ግን ደስታዬ እየቀዘቀዘ ሄደ። ፎቶው ላይ ጎልቶ የሚታየው አበባው ነው። ዓይኔ ፊቷ ላይ ሊያርፍ ሲል ትከሻዋ ጋ ያለ ቀይ አበባ ይስበዋል፤ ከሱ ሳመልጥ ደግሞ በቅጠሉ መሃል ሾልኮ የገባ ፀሐይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይጠብቀኛል። የለበሰችው ቀሚስም ባለ አበባ ነበር። ቀሚሱ የት እንደሚያልቅ፣ ግቢው የት እንደሚጀምር ለመለየት ያስቸግራል።

ከዚያ ሁሉ መሃል ግን ሦስት ፎቶዎች ነበሩ። ጫማ ልትቀይር ከግቢው ስንወጣ አንድ ግራጫ የሲሚንቶ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፣ እኔም ብርሃኑን ልለካ ብዬ ዝም ብዬ ተጫንኩ። አንድ እጇ ግድግዳው ላይ ነው፣ በሌላው የጫማዋን ማሰሪያ ይዛለች፣ ድምፁን ሰምታ ቀና ብላ አየችኝ። ለፖርትፎሊዮዋ (ለሥራ ማሳያ ስብስቧ) የመረጠችው ይህን ነው። እኔም ብሆን ሌላ አልመርጥም ነበር።

ነገሩ ስላላስቻለኝ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ወደ ግድግዳው ተመልሼ ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ ምንም የለውም። ቀለም ያልነካው፣ እዚህም እዚያም የዝናብ ውሃ መስመር ያሰመረበት ተራ ግድግዳ። ፊቴን አዙሬ ከግድግዳው ተቃራኒ ያለውን ሳይ ግን ገባኝ። መንገዱን ተሻግሮ ነጭ የተቀባ ትልቅ ሕንፃ አለ፣ ፀሐዩ በቀጥታ እሱ ላይ ነው ያረፈው። ግድግዳው ጥላ ውስጥ ነው። የሕንፃው ነጭ ብርሃኑን እየመለሰ የሞዴሏን ፊት ሞልቶት ነበር። ሦስት ፎቅ የሚያህል ሪፍሌክተር (ብርሃን መመለሻ ሰሌዳ) ማለት ነው፣ ያውም በነጻ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታ የማይበት መንገድ ተለወጠ። ድሮ «ከኋላዋ ምን ይኑር?» ብዬ ነበር የምጀምረው። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው «እዚህ ብትቆም ፊቷ ላይ ምን ዓይነት ብርሃን ያርፋል?» የሚለውን ነው። ፊቷ ላይ ጥሩ ብርሃን ከሌለ ከኋላዋ ያለው ነገር የፈለገውን ያህል ቢያምር አይጠቅመኝም። ብርሃኑ ካለ ግን ተራ ግድግዳም ይበቃኛል።

ይህን ለማየት ሞዴል አያስፈልግም። እጃችሁን ጨብጡና በዓይናችሁ ከፍታ ወደ ፊት ዘርጉት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ባላችሁበት ዙሩ። በጣቶቻችሁ መሃል ያለውን ጥላ እዩት። አንድ አቅጣጫ ላይ ጥላው ጠቁሮ ጠርዙ ይሰላል፣ ሌላው ላይ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ቆዳችሁ ራሱ ጥርት ብሎ ይታያል። የለሰለሰበት አቅጣጫ ላይ ቁሙ። ሞዴሏ የምትቆመው እዚያ ነው፣ ባክግራውንዳችሁም ከእጃችሁ ጀርባ ያለው ነገር ነው። ደስ ካላላችሁ አሥር እርምጃ ሄዳችሁ ድገሙት። እኔ አዲስ ቦታ ስደርስ ካሜራ ከቦርሳ ሳላወጣ ይህን አደርጋለሁ፤ የሚያየኝ ሰው ምን ይላል ብዬም አላፍርም።

ጀማሪ ጓደኞቼ ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት ሞዴሏን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ከኋላዋ በፀሐይ የተጥለቀለቀ ሜዳ ማድረግ ነው። በዓይን ሲያዩት ያምራል። ዓይናችን ብልህ ነው፣ ሁለቱንም አቻችሎ ያያል። ካሜራ ግን አይችልም። በፀሐይና በጥላ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ 3 ስቶፕ ገደማ ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል)፣ ማለትም ሜዳው ፊቷን 8 እጥፍ በብርሃን ይበልጠዋል። ለፊቷ ስታስተካክሉ ሜዳው ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ለሜዳው ስታስተካክሉ እሷ ትጨልማለች። ካሜራውን አውቶማቲክ ላይ ከተዋችሁት ደግሞ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ስለሚፈልግ ያን ሁሉ ነጭ አይቶ ፎቶውን ያጠቁረዋል። መጀመሪያ የሚጎዳው ፊቷ ነው።

የኔ ምርጫ የዚህ ግልባጭ ነው። ሞዴሏን ጥላው ከሚያልቅበት ጠርዝ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቧትና ፊቷን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሩት። ከኋላዋ ጥልቅ ጥላ ይሁን፣ ለምሳሌ ረጅም በረንዳ፣ የሕንፃ መተላለፊያ፣ የተከፈተ የጋራዥ በር፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ። ብርሃኑ ከፊት ይመጣል፣ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ያለ ምንም መብራት ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ የሚመስል ጥቁር ባክግራውንድ ታገኛላችሁ። ዓይኖቿ ውስጥ ሰማዩ እንደ ትልቅ መስኮት ሆኖ ሲያበራ ታዩታላችሁ። እኔ እንኳን ይህን ባነሳሁ ቁጥር አሁንም እንደ አዲስ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ የማየው ርቀት ነው። ስለ ብለር፣ ማለትም ስለ ባክግራውንዱ መደብዘዝ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው የሌንስ ዋጋ ነው። አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ወሳኝ ነው፣ አልክድም፤ ሞዴሏን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ብለር መጠበቅ ግን በየትኛውም ሌንስ አይሆንም። ሞዴሏ ከናንተ 2 ሜትር ላይ ቆማለች እንበል። ከኋላዋ ያለው ነገር ከሷ 1 ሜትር ብቻ ከራቀ፣ ሌንሳችሁ በዚያ አፐርቸር ሊሰጥ ከሚችለው ብለር የምታገኙት ሲሶውን ነው። 2 ሜትር ከራቀ ግማሹን፣ 6 ሜትር ከራቀ ሦስት አራተኛውን ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ብዙም አይጨምርም፣ 20 ሜትርና 200 ሜትር ያን ያህል አይለያዩም። ስለዚህ ሰፊ ሜዳ ፍለጋ መልፋት አያስፈልግም። ጠባብ ቦታ ላይም ብትሆኑ ሞዴሏን ከግድግዳው አራት እርምጃ ወደ ፊት አምጧትና እናንተ ትንሽ ተጠጉ። ለውጡን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ሌንስን በተመለከተ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። የሌንሱን ሚሊ ሜትር በኤፍ ቁጥሩ (አፐርቸሩ በሰፋ ቁጥር በሚያንሰው ቁጥር) አካፍሉት። 50 ሚሊ ሜትር በኤፍ 1.8 ወደ 28 ይሰጣል፣ 85 በኤፍ 1.8 ወደ 47፣ 200 በኤፍ 2.8 ደግሞ ወደ 71። ሞዴሏን በሁሉም ሌንስ ፍሬሙ ውስጥ እኩል መጠን አድርጋችሁ ካነሳችኋት፣ በጣም ሩቅ ያለውን ባክግራውንድ የበለጠ የሚያደበዝዘው ቁጥሩ የሚበልጠው ነው። ለዚህ ነው ብዙ የፋሽን ፎቶ አንሺ ውጭ ሲሠራ ረጅም ሌንስ ይዞ ወደ ኋላ የሚሸሸው።

ረጅም ሌንስ ሌላም ጥቅም አለው፣ እኔ እንዲያውም ከብለሩ የበለጠ የምወደው ይህን ነው። ከኋላ የሚገባውን ነገር ይቀንሳል። ትልቅ ሴንሰር ባለው ፉል ፍሬም ካሜራ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ጎን 54 ዲግሪ ያህል ያያል፣ 85 ደግሞ 24 ዲግሪ፣ 200 ሚሊ ሜትር 10 ዲግሪ ብቻ። በ35 ስታነሱ መኪናው፣ ምሰሶው፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይገባል። በ200 ግን የሚያስፈልጋችሁ አንዲት ንጹሕ ቁራጭ ቦታ ናት። የአንድ በር ስፋት ያህል ቆንጆ ነገር ካገኛችሁ ይበቃል። የተቀረው ሰፈር የፈለገውን ይምሰል። ሰዎች «ይሄ የት ነው የተነሳው?» ብለው የሚጠይቁኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ቦታዎች ላይ የተነሱ ናቸው።

ግን ሁልጊዜ አፐርቸሩን እስከ ጥግ መክፈትም አይደለም። 85 ሚሊ ሜትር በኤፍ 1.8፣ ከ2 ሜትር ርቀት፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይኗ ጥርት ካለ ጆሮዋ ይደበዝዛል። ሞዴሏ ፊቷን ገደድ ካደረገች ደግሞ አንዱ ዓይን ጠርቶ አንዱ ሊያመልጥ ይችላል። በዚያ ላይ ጠራራ ፀሐይ ላይ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን) ወደ 100 ዝቅ አድርጋችሁ እንኳ በኤፍ 1.8 ለማንሳት የሹተሩ ፍጥነት 1/8000 ሰከንድ አካባቢ መድረስ አለበት፣ ብዙ ካሜራ ደግሞ 1/4000 ላይ ያቆማል። ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ከሌላችሁ አፐርቸሩን መዝጋት ወይም ጥላ መፈለግ ነው።

ስለ ቀለም ብዙ የምለው አለኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የሰው ቆዳ ጥቁርም ይሁን ጠይም፣ ቀይም ይሁን ነጭ፣ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። በቀለም ክብ ላይ የብርቱካናማ ተቃራኒ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ በር፣ ቀለሙ የደበዘዘ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለው ሰማይ፣ ሩቅ ያለ ውሃ፣ እነዚህ ከኋላ ሲሆኑ ፊት ብዙ ሳንለፋ ጎልቶ ይወጣል። ቡናማ ግን ተጠንቀቁበት። ጠይም ሞዴል በአፈር ቀለም ግድግዳ ወይም በዛፍ ግንድ ፊት ስትቆም ፊቷና ጀርባው ይዋሃዳሉ። ይህ ማለት ፈጽሞ አይሆንም ማለት አይደለም። ፀሐዩ ከኋላ በጎን መጥቶ ፀጉሯና ትከሻዋ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ካሰመረ ያን ቡናማ በቡናማ የመሰለ ውበት የለም። መስመሩ ከሌለ ግን ተዉት፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ጥቁር ቆዳን በተመለከተ አንድ ነገር ከልቤ ማለት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው «ጥቁር ስለሆነች ነጭ ባክግራውንድ ያስፈልጋታል» ብሎ ያስባል። እኔ አልስማማም። በጣም የበራ ነጭ ከኋላ ሲሆን ካሜራው ይታለላል፣ ፊቷ ዝርዝሩን ያጣል፣ ያን ሁሉ በጉንጯና በግንባሯ ላይ የሚጫወት ብርሃን እናጣለን። መካከለኛ ድምቀት ያለው ወይም ጠቆር ያለ ጀርባ አድርጋችሁ ሰፊ ለስላሳ ብርሃን ከጎን ስጧት። ቆዳዋ ራሱ ብርሃኑን ሲመልስ ታያላችሁ። ነጭ ግድግዳ የግድ ከሆነ ደግሞ የካሜራውን የብርሃን መለኪያ ፊቷ ላይ አድርጉ፣ ወይም ፎቶውን ከ1 እስከ 1.7 ስቶፕ አብሩት፣ ግድግዳው የሚሆነውን ይሁን።

አረንጓዴ ሣር ሁሉም ሰው የሚወደው ባክግራውንድ ነው። ከኋላ ሲሆን እኔም አልጠላውም። ችግሩ ሞዴሏ በፀሐይ የተመታ ሣር መሃል ስትቆም ወይም ስትቀመጥ ነው፣ ብርሃኑ ከሣሩ ነጥሮ አገጯ ሥርና አንገቷ ላይ አረንጓዴ ይቀባታል። በካሜራው ትንሽ ስክሪን አይታይም። ቤት ስትገቡ ነው የታመመች የሚመስል አንገት የምታገኙት። ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ከሣሩ አውጥታችሁ አፈር ወይም ድንጋይ ንጣፍ ላይ አቁሟት፣ ሣሩ ከኋላ ይቅር። ወይም ነጭ ጨርቅ ከእግሯ ሥር ከፍሬሙ ውጭ አንጥፉ። ቀይ የተቀባ ግድግዳ አጠገብም እንዲሁ ነው፣ ጉንጯ ይቀላል።

የጥላና የፀሐይ ቀለምም አንድ አይደለም። በብርሃን ቀለም መለኪያው እኩለ ቀን ላይ ያለ ብርሃን 5,500 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ ጥላ ውስጥ ግን ከ7,000 እስከ 8,000 ይደርሳል፣ ማለትም ይበልጥ ሰማያዊ ነው። ሞዴሏ ጥላ ውስጥ ሆና ዋይት ባላንሱን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያርምበትን) ለሷ ስታስተካክሉ ከኋላዋ ያለው ፀሐይ የመታው ነገር ሁሉ ወደ ቢጫ ይሄዳል። አንዳንዴ ይሄ ራሱ ያምራል። እያወቃችሁ አድርጉት እንጂ ቤት ስትደርሱ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ጥቃቅኑ ነገር ልምጣ። አንድ ረዳት የነበረኝ ልጅ ከጎኔ ቆሞ «እየው፣ ጭንቅላቷ ላይ ምሰሶ በቅሏል» ያለኝን አልረሳውም። አርባ ፎቶ አንስቼ ነበር፣ እኔ አላየሁትም። የማየው ፈገግታዋን ነበር። ምሰሶ፣ ቀጥ ያለ የዛፍ ግንድ፣ የበር ጠርዝ ከጭንቅላት በላይ ሲወጣ ይከፋል። ከዚህ የባሰው ግን አግድም መስመር ነው። የአጥሩ ጫፍ፣ የሜዳውና የሰማዩ መጋጠሚያ፣ የመንገዱ ጠርዝ አንገቷ ላይ ካለፈ ፎቶው አንገቷን የቆረጠው ይመስላል። መፍትሔው ጉልበታችሁ ላይ ነው። ዝቅ ስትሉ መስመሩ ወደ ታች ወደ ወገቧ ይወርዳል፣ ከፍ ስትሉ ከጭንቅላቷ በላይ ይወጣል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ማለት ደግሞ ምሰሶውን ከትከሻዋ ጀርባ ይደብቀዋል። ከመጫኔ በፊት የፍሬሙን አራት ጠርዝ በዓይኔ የመዞር ልማድ ያመጣሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ፊቷን መጨረሻ ላይ ነው የማየው።

ዓይንን ጠበብ አድርጎ ማየትም ይረዳል። ሽፋሽፍታችሁ እስኪነካካ ጠበብ አድርጉና ቦታውን እዩት። ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ጥቁርና ነጩ ብቻ ይቀራል። ከሁሉ በላይ የሚያበራው ነገር የት ነው? ሞዴሏ ከምትቆምበት ውጭ ከሆነ የተመልካቹም ዓይን የሚሄደው እዚያ ነው። ሣሩ ላይ የወደቀች ነጭ ፌስታል ብትሆንም።

ቅጠል ከኋላ ስታደርጉ ደግሞ በቅጠሎቹ መሃል የሚገባው ሰማይ ስንት ነው የሚለውን እዩ። ጥቂት የብርሃን ነጥቦች ሩቅ ሆነው ሲደበዝዙ ክብ ክብ ቦኬ ይሆናሉ፣ ደስ ይላል። ቅጠሉ ቅርብ ከሆነና ነጥቡ ከበዛ ግን ሁሉም ጠርዝ ጠርዙ የቀረ ግማሽ ብለር ሆኖ ዓይን ያደክማል። ሞዴሏን ከቅጠሉ አርቋት፣ ካልሆነ ዞር ብላችሁ ከቅጠሉ ጀርባ ሰማይ ሳይሆን ጥላ ያለበትን አቅጣጫ ፈልጉ።

ሰው የሚረሳቸው ሁለት ባክግራውንዶች አሉ፣ ሰማይና መሬት። ሁለቱም የትም ይገኛሉ። አካባቢው በጣም የተዝረከረከ ከሆነ ዝቅ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ ከኋላዋ ሰማይ ብቻ ይቀራል። የኔዘርላንድስ ፎቶ አንሺዋ ሪኔኬ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ዳርቻ ላይ ያነሳቻቸውን ወጣቶች አስታውሱ። ካሜራው ዝቅ ያለ ነው፣ ከኋላ አሸዋ፣ ውሃና ሰማይ ብቻ፣ ከፊት ደግሞ ፍላሽ። ሌላ ምንም የለም፤ ዓይናችን ከልጆቹ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለ አቋማቸውን፣ እፍረታቸውን ሁሉ እናያለን። መሬትን በተመለከተ ደግሞ ደረጃ ወይም በረንዳ ላይ ወጥታችሁ ወደ ታች አንሱ። አስፋልት፣ ጠጠር፣ ሣር፣ የረገፈ ቅጠል ሁሉም ይሆናል። ሞዴሏ ቀና ብላ ስታያችሁ ሰማዩ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ያበራዋል፣ ዓይኗ ሥር የሚያጠቁረው ጥላም ይጠፋል። ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ከዚህ የተሻለ ብርሃን አላውቅም።

ባክግራውንድን ይዞ መሄድም ይቻላል፣ ይህ ማታለል አይደለም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሪቻርድ አቬዶን እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1984 በምዕራብ አሜሪካ እየዞረ ሠራተኞችንና ተራ ሰዎችን ሲያነሳ ግድግዳ ላይ ነጭ ወረቀት ይለጥፍ ነበር፣ ያውም ውጭ፣ ጥላ ውስጥ። ከሱ በፊት ደግሞ ማሊያዊው ፎቶ አንሺ ሰይዱ ኬይታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ከፈተ፣ ብዙዎቹን ፎቶዎች ግን ያነሳው ግቢው ውስጥ በተፈጥሮ ብርሃን ነው። የመጀመሪያው ባክግራውንዱ የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። ጨርቁን በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ይቀይረው ስለነበር ኋላ ላይ ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ ያወቀው ከኋላ ያለውን ጨርቅ አይቶ ነው። ደግሞም ልብ በሉ፣ የሱ ጨርቆች ዝንጉርጉር ናቸው፣ የተነሺዎቹም ልብስ ዝንጉርጉር ነው። እኔ ከላይ አበባ በአበባ ላይ አይሆንም ያልኩትን እሱ አድርጎታል፣ ድንቅም ሆኗል። ልዩነቱ ጨርቁ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። የሚያበራ የፀሐይ ነጥብ የለበትም፣ ጥልቀት የለውም፣ ፊትና እጅ ብቻ ናቸው ክብነት ያላቸው፣ ስለዚህ ዓይን እነሱ ላይ ያርፋል። ዝንጉርጉር መጠቀም የሚፈልግ ሰው ከኬይታ ፎቶዎች ይማር።

ሰዓትን በተመለከተ ሁሉም የሚያወራው ስለ ወርቃማው ሰዓት ነው፣ ፀሐይ እንደወጣች ወይም ልትገባ ስትል ስላለው ለስላሳ ብርሃን። ስሙ ሰዓት ይባል እንጂ እንደየአካባቢው ይለያያል። ወደ ምድር ወገብ በቀረባችሁ ቁጥር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ያጥራል፣ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ትወርዳለች፣ የመጨረሻዋን 6 ዲግሪ ለመጨረስ 24 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የሚፈጅባት። ከገባች በኋላ ያለው ሰማያዊ ጊዜም እንዲሁ አጭር ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ቦታ መፈለግ አይቻልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ከቀኑ በፊት ሂዱ፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ፣ ፀሐዩ ከየት እንደሚመጣ እዩ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ በስልክ አንሱና በቅደም ተከተል ያዙት። ጠዋት ያያችሁት ግድግዳ ማታ ሌላ ግድግዳ ነው።

በስልክ የምታነሱ ከሆነ ፖርትሬት ሞድ ብለሩን የሚሠራው በስሌት ነው፣ የሚሳሳተውም ፀጉር ጠርዝ ላይ ነው። ከጭንቅላቷ ጀርባ ቅርንጫፍ ወይም ሽቦ አታድርጉ፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ጀርባ ምረጡ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፎቶው ለምንድነው የሚለውን ሞዴሏን ጠይቋት። ለሞዴል ኤጀንሲ የምትልከው ዲጂታል (እንዳለች የሚያሳያት ተራ ፎቶ) ከሆነ የሚፈልጉት ተራ ግድግዳ፣ የተፈጥሮ ብርሃንና ያልተኳኳለ ፊት ነው፤ ፏፏቴ ከኋላ ማድረግ እሷን መጉዳት ነው። ለማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ ጽሑፍ የሚገባበት ባዶ ቦታ ተዉ። ምን እንደምትለብስ ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት እወቁ። እዚያ ስትደርስ ልብስ የምትቀይርበት ቦታ አለ? ተረከዙ ቀጭን ጫማ ሣር ውስጥ ይሰምጣል ወይ? ሰው ተሰብስቦ ያያታል? ሰው ሲከባት ትከሻዋ ይጠነክራል፣ ፊቷም ይዘጋል፣ ያኔ የትኛውም ባክግራውንድ አያድንም። ግቢ ከሆነ አስፈቅዱ። ባቡር ሐዲድ ላይ ግን በፍጹም አታቁሟት፣ በብዙ አገር ክልክል ነው፣ ባቡርም ሲመጣ ከምታስቡት በላይ ጸጥ ብሎ ነው የሚደርሰው። የአንድ ሰው ሕይወት ለፎቶ አይከፈልም።

ያንን ግራጫ ግድግዳ ከዓመት በኋላ ሌላ ሞዴል ይዤ ሄድኩበት። ሰዓቱ ያው፣ ግድግዳው ያው፣ የዝናቡ መስመር ሳይቀር ያው። አቆምኳት፣ አየኋት፣ ፊቷ ሞቷል። ዞር ስል ተቃራኒው ሕንፃ ጥቁር ግራጫ ተቀብቷል። ብርሃኑ የለም። ጥቂት ቆሜ አሰብኩ፣ ከዚያ እጄን ጨብጬ መንገዱን ይዤ መውረድ ጀመርኩ። ስልሳ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ነጭ የጭነት መኪና ቆሞ ዕቃ ያራግፋል፣ ጎኑ ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ የተዘጋ አረንጓዴ የብረት በር አለ። ሹፌሩን 10 ደቂቃ ይታገሰን ብዬ ጠየቅኩት። «ኧረ እኔ ገና ግማሹንም አላራገፍኩም፣ እናንተ ሥሩ» አለ። ሞዴሏን ከበሩ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት አመጣኋት፣ እኔ የመኪናውን ጎን በጀርባዬ ተደግፌ ቆምኩ። የቆርቆሮው ሙቀት በሸሚዜ በኩል ይሰማኛል። ቀና ብላ አየችኝ፣ ዓይኖቿ ውስጥ መኪናው እንደ ነጭ መስኮት በራ፣ ተጫንኩ።